ከአረም እስከ እርማት

በጎጃም፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ጤፍ የዘራ ገበሬ ነሐሴንና መስከረምን ጎንበስ ብሎ ነው የሚያሳልፈው። ማሳው ውስጥ ገብቶ ያርማል። በዚያው መስከረም በወረዳው ከተማ በጉንደ ወይን ተማሪው ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት ይገባል፤ መምህሩም የእንግሊዝኛ ድርሰቱን ተቀብሎ ያርማል። ሁለቱንም ሥራ የምንጠራበት ግስ አንድ ነው፤ አረመ። አረም፣ እርማት፣ አራሚ፣ ማረሚያ፣ ታራሚ የወጡት ከዚሁ ነው። ወህኒ ቤት የሚለውን ስም ትተን ማረሚያ ቤት ማለት ስንጀምር እንኳ የያዝነው የገበሬውን ግስ ነው።

እንግሊዞች በዚህ መንገድ አልሄዱም። ለእርማት የሚጠቀሙበት «ኮሬክት» ከላቲን የተወረሰ ሲሆን ትርጉሙ ማቅናት፣ የጎበጠውን ቀጥ ማድረግ ነው። «ኤረር» የሚሉትም ከዚያው ከላቲን መጥቶ መቅበዝበዝ፣ ከመንገድ መውጣት ማለት ነበር። ይህ ሐሳብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ርቱዕ፣ ማለትም ቀጥ ያለ፣ ከሚለው የግእዝ ቃል አርታዒንና አርትዖትን አገኘን፤ ስሕተ፣ መንገድ ጠፋበት፣ ከሚለው ደግሞ ስሕተትን። ስለዚህ አማርኛ ሁለት የእርማት ሐሳብ ይዟል፤ አንዱ የጎበጠውን የሚያቀና፣ ሌላው ባዕዱን የሚነቅል። የመጀመሪያው ከመጽሐፍ ቤት የመጣ ነው። ሁለተኛው ከእርሻ የመጣ ነው፤ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ለሚያስተምር ሰው የበለጠ የሚጠቅመውም እርሱ ይመስለኛል።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። አረም የሚያስቸግረው ሰብሉን ሲመስል ነው። ስናር በስንዴና በገብስ መካከል በቅሎ እሸት እስኪያወጣ ድረስ ከሰብሉ አይለይም፤ ልምድ ያለው ዐይን ብቻ ነው ቀድሞ የሚያውቀው። አራሚ የሚባለውም መንቀል የሚችል ሁሉ አይደለም፤ የሚነቀለውን የሚያውቅ ነው። ተማሪም ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ቃሉ ጠፍቶበት ሳይሆን የጻፈው ነገር በራሱ ቋንቋ ትክክል ስለሆነ ነው። አማርኛው በእንግሊዝኛው መካከል በቅሏል፤ ለእርሱ ዐይን ደግሞ ሰብል ይመስላል። በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ቢመለስለት ምን እንደተነቀለ አያውቅም። በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ቦታ እንደገና ይበቅላል።

የስሕተት ስሞቻችንም ቢሆኑ በደንብ ቢያዙ ግማሹን ሥራ ይሠራሉ። ዛሬ ስሕተት፣ ግድፈትና ሕፀፅ እንደ አንድ ነገር ሲነገሩ እንሰማለን፤ ሥራቸው ግን ልዩ ልዩ ነው። ገደፈ በግእዝ ጣለ፣ ተወ ማለት ነው፤ ጾም ገደፈ የምንለው ከዚያው የመጣ ነው። ስለዚህ ግድፈት እጅ የጣለው ነገር ነው፤ ጸሐፊው እያወቀው ያለፈው ፊደል፣ ሳያያት የዘለላት ቃል። ሕፀፅ ከጉድለት ነው፤ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው የጨረቃን ጉድለት ሲቆጥር በዚህ ስም ይጠራዋል። በእንግሊዝኛ ከስም በፊት መግባት የነበረባቸው «ኤ» እና «ዘ» ሲቀሩ ሕፀፅ ነው፤ ልጁ አልጣላቸውም፣ አማርኛው ቀድሞውኑ ስለሌለው አላስቀመጣቸውም። እኛ «ቤቱ» ስንል ያቺ «ኡ» ከቃሉ ጫፍ ተለጥፋ ሥራዋን ትጨርሳለች፤ «አንድ ቤት አየሁ» ለማለትም «ቤት አየሁ» ይበቃናል። ስሕተት የሚለውን ስም ለሦስተኛው ዓይነት፣ ተማሪው አውቆ ለሄደበት የተሳሳተ መንገድ ብናቆየው መልካም ነው። ግድፈት ለጻፈ ልጅ «ደግመህ አንብበው» ማለት ይበቃዋል። ሕፀፅ ላለበት ልጅ ግን ደግሞ ማንበቡ ምንም አይጨምርለትም፤ የጎደለውን በዐይኑ ሊያየው አይችልምና።

ይህን ሁሉ ከጉንደ ወይን ጋር ያያያዝኩት በከንቱ አይደለም። በቢቸናና በሞጣ መካከል ያለው አገር ሰዋስው የተቀመረበት አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም እዚያው አካባቢ ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የተማሩት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. ላሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ዲማን ያገኙት ከዚያ ሕይወት ነው። የቅኔ ተማሪ በእነዚህ ጉባኤዎች ግስ ያወርዳል፣ እርባ ቅምር ይማራል፣ አገባብን ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ ብሎ ከፍሎ ያጠናል። ቅኔውን ቆጥሮ መምህሩ ፊት ሲነግር እዚያው በቃል ይታረማል፤ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ስሙ ተጠርቶ ይነገረዋል።

ሰዋስው የሚለው ቃል ራሱ መሰላል ማለት ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን የግብጽ ቅብጦች ቋንቋቸው እየጠፋ በዐረብኛ ሲዋጥባቸው የሰዋስውና የመዝገበ ቃላት መጻሕፍት ጻፉ፤ እነዚያንም በዐረብኛ «ሱለም»፣ መሰላል፣ አሏቸው። የእኛም ሊቃውንት የቋንቋን ትምህርት በግእዙ መሰላል ጠሩት። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀምረውት፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን የጨረሱበትና ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት ታላቅ መዝገብ ስሙ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ» ብሎ ይጀምራል። አንድ መጽሐፍ በሦስት ሰው እጅ፣ መምህር ለተማሪ እያስረከበ እየታረመ አለፈ።

ወደ ከተማዋ ስም እንመለስ። ጉንድ በግእዝ ግንድ ነው፤ ጉንደ ወይን የወይን ግንድ። ግንደ ወይን የሚላትም አለ። የቃሉ መጨረሻ ሳድሱ «ድ» ወደ ግእዙ «ደ» የተለወጠው በምክንያት ነው፤ የወይኑ መሆኑን የምትናገረው ያቺ ለውጥ ናት። ደብር ደብረ ወርቅ ሲሆን፣ መርጡልም መርጡለ ማርያም ሲሆን የሆነው ይኸው ነው። የቅኔ መምህር ይህን «ዘርፍና ባለቤት» ብሎ ያስተምራል፤ ጉንድ ባለቤት፣ ወይን ዘርፍ። ዘርፍ የልብስ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለው ነው፤ ባለቤቱን ተደግፎ ይኖራል።

አሁን ይህን ይዘን ወደ እንግሊዝኛው ክፍል እንግባ። ከፊደል በላይ የምትንጠለጠለው ጭረት፣ ስሟ «አፖስትሮፊ» በግሪክ መዞር፣ ዘወር ማለት የሆነው፣ በ16ኛው መቶ ዘመን ከፈረንሳዮች ወደ እንግሊዝኛ ገባች። ሥራዋ የወደቀ ፊደል ነበረ ብላ መመስከር ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የብዙ ስሞች ዘርፍ የሚታወቀው በቃሉ ጫፍ በሚገባ «ኤስ» ነበር፤ አናባቢው እየደከመ ጠፋና ጭረቷ ቦታውን ያዘች። እንግዲህ የእነርሱ «ስ» እና የጉንደ ወይን «ደ» አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት። ችግሩ ጭረቷ ሁለት ሥራ መያዟ ነው፤ የስምን ዘርፍም ታሳያለች፣ «ኢት ኢዝ» የሚለውም ሲያጥር የወደቀውን አናባቢ ትተካለች። «ኢትስ» ሲባል ሁለቱ በጆሮ አይለዩም፤ እንግሊዞቹ ራሳቸውም በየማስታወቂያቸው ይሳሳቱበታል። ለእኛ ተማሪ ግን መለያው ቀላል ነው። ወደ አማርኛ መልሰው፤ «የእሱ» ካለህ የተውላጠ ስም ዘርፍ ነው፣ ጭረት የለውም። «እሱ ነው» ካለህ ባለቤትና ማሰሪያ ግስ ተጣብቀው ነው፣ ጭረቷን አስገባ። «ዩር» እና «ሁዝ» በሚሉትም ይኸው ይሠራል፤ «የአንተ» ወይስ «አንተ ነህ»፣ «የማን» ወይስ «ማን ነው»። እንግሊዛዊ ልጅ ይህን መፈተኛ የለውም። የእኛ ልጅ ግን በአፉ ይዞት ይመጣል።

የግስን አድራጊም ባለቤት የምንለው ዐረፍተ ነገሩን እንደ ቤት ቆጥረን ነው። ተሳቢውን የሚስበው ግሱ ነው። ግሱ ደግሞ በድሮው ስሙ አንቀጽ ይባላል፤ አንቀጽ በግእዝ በር ነው፣ «አንቀጸ ብርሃን» የብርሃን በር እንደሆነው። ዛሬ ቃሉ ለሕግ አንቀጽና ለጽሑፍ አንቀጽ ስለዋለ ብዙ ወጣት ግስን አንቀጽ ማለት ይገርመዋል። በአማርኛ ባለቤቱ ከአንቀጹ ውስጥ ይገባል፤ «መጣች» ስንል ማን እንደመጣች ቃሉ ራሱ ተናግሯል። በእንግሊዝኛ ግን ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ መታየት አለበት፣ በሩም ለእርሱ ልክ መሆን አለበት። የጎጃም ልጅ እዚህ ላይ የሚሰናከልበት አንድ የተለየ ምክንያት አለው። አባቱን «አባቴ መጡ» እያለ ነው ያደገው። «መጡ» ለብዙ ሰዎችም የምንለው ነው። ታዲያ አባቱ አንድ ሆነው ሳለ የብዙ ቁጥር ግስ ቢሰጣቸው፣ «ማይ ፋዘር ሃቭ» ብሎ ቢጽፍ፣ እንግሊዝኛውን ያሳሳተው ጨዋነቱ ነው። «አንቱታ በእንግሊዝኛ በግስ አይገለጽም» ብሎ የሚነግረው መምህር ይህን ስሕተት በአንድ ቀን ይነቅልለታል። «የሦስተኛ ሰው ነጠላ ቁጥር» የሚለውን ሕግ ብቻ የሚያስደግመው ግን ዓመቱን ሙሉ ይደክማል።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ማሰሪያ አንቀጽና ቦዝ አንቀጽ የሚባሉት ናቸው። ቦዝ ከቦዘነ ነው፤ ሥራ ያልያዘ፣ ነገሩን ሳይዘጋ የሚያልፍ ግስ። «ከጉንደ ወይን ተነሥቶ፣ ደብረ ወርቅ አድሮ፣ ቢቸና ገብቶ፣ ጤፉን ሸጦ ተመለሰ» በሚለው ውስጥ አራቱ ቦዞች ናቸው፤ የሚያስረው «ተመለሰ» ብቻ ነው። አማርኛ በዚህ መንገድ ዐሥር ሥራ በአንድ ገመድ ያስራል፣ መልካም አማርኛም ነው። እንግሊዝኛ ይህን አይችልም፣ ቢችልም አይወደውም። ከዚህ ሁለት ስሕተት ይወለዳል። አንደኛው ማሰሪያ የሌለው ዐረፍተ ነገር ነው፤ ተማሪው ቦዞቹን በ«ኢንግ» ደርድሮ፣ ወይም «ቢኮዝ» ብሎ ጀምሮ ምክንያቱን ብቻ ተናግሮ ነጥብ ያኖራል። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፤ እያንዳንዱን ቦዝ ወደ ሙሉ ግስ ይለውጥና በመካከላቸው ነጠላ ሰረዝ እያኖረ ገጹን ይሞላል። አምስት ማሰሪያ፣ አንድ ነጥብ።

እዚህ ላይ ሥርዓተ ነጥባችን ራሱ መልሱን ይዟል። ነጥብ ከጠብታ ነው፤ ከሸምበቆ ብዕር ጠብ ያለ ቀለም። ሰረዝ ከሰረዘ ነው፣ መስመር ሳበ። በአክሱም ዘመን ከነበሩት ጽሑፎች ቀደም ያሉት ቃልን ከቃል የሚለዩት በቆመ ጭረት ነበር፤ በኋላ ሁለት ነጥብ ቦታውን ያዘ፣ አራት ነጥብም የዐረፍተ ነገሩ ማረፊያ ሆነ። የእንግሊዝኛው ነጠላ ሰረዝ ስም በግሪክ የተቆረጠ ቁራጭ ማለት ነው። የነጥብ ሥርዓታቸውን መጀመሪያ የቀመረው በእስክንድርያ የነበረው የቢዛንጥዩሙ አሪስቶፋነስ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት 200 ዓመት ያህል በፊት። የድርብ ሰረዝ አቻቸውን ደግሞ በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቬኒስ ውስጥ አልዱስ ማኑትዩስ የተባለ አታሚ አሳተመው። ሥራቸው በሁለቱም ቋንቋ ተቀራራቢ ነው። ነጠላ ሰረዝ ቦዞችንና ዝርዝሮችን ይለያል፤ ድርብ ሰረዝ በሐሳብ የተዛመዱ፣ እያንዳንዳቸው ግን ማሰሪያ ያላቸውን ዐረፍተ ነገሮች ይለያል። እንግሊዞች ብዙ ገጽ የሚያጠፉለትን ሕግ በአማርኛ ባጭሩ እንዲህ ማለት ይቻላል፤ በሁለት ማሰሪያ መካከል ነጠላ ሰረዝ ብቻውን አይበቃም፤ ወይ ድርብ ሰረዝ፣ ወይ ነጥብ፣ ወይ ሰረዙን የሚያግዝ «ኤንድ» ወይም «በት» ያስፈልጋል። ተማሪው ከእያንዳንዱ ነጥብ በፊት ቆሞ «ማሰሪያው የታለ? ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ከዚህ የተሻለ የእንግሊዝኛ ማረሚያ አላየሁም።

ይህ የቅኔ ቤት መሣሪያ ከእንግሊዝኛው ክፍል ደጃፍ እንዴት እንደቀረ ታሪኩ አጭር ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን የሚበረታው ፈረንሳይኛ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እንግሊዝኛ ተተካ፤ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች በየጠቅላይ ግዛቱ ገቡ። እነዚህ ደጋግ ወጣቶች ባለቤትንና ዘርፍን ከየት ያውቁታል? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲማሩት፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲማሩበት ደነገገ። መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የቅኔ ቤቱን ስያሜዎች ወደ አማርኛ ሰዋስው አምጥተዋቸው ነበር፤ ከአማርኛው ክፍል ወደ እንግሊዝኛው ክፍል ግን የሚያሻግራቸው አልተገኘም። አንድ ልጅ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ባለቤትና ተሳቢ ተምሮ፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ያንኑ ነገር ፈጽሞ እንደማያውቀው ሆኖ በባዕድ ስም ይጀምራል።

የቀሩት አረሞች ከአማርኛው ማሳ የመጡ መሆናቸው ከታወቀ በኋላ ብዙም አያስቸግሩም። «ምንም እንኳ ቢዘንብም ግን ሄድን» ማለት ስለምንችል «ኦልዶው» ብለን ጀምረን መካከል ላይ «በት» እንጨምራለን፤ እንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይፈልጋል። «የገዛሁት መጽሐፍ» በሚለው ውስጥ ያለችው «ት» መጽሐፉን ስለምታመለክት «ዘ ቡክ ዊች አይ ቦውት ኢት» እንላለን፤ መጨረሻ ያለው «ኢት» ያቺ «ት» ናት። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል ከ«ዲስከስ» ኋላ «አባውት» እንደርባለን። «አምስት በሬ» ትክክል ስለሆነ በሬውን በብዙ ቁጥር አናደርገውም። «አልመጣም ወይ?» ሲሉን «አዎ፣ አልመጣም» ብለን ጠያቂውን እናጸናለን፤ እንግሊዛዊው ግን ከድርጊቱ ጋር ተስማምቶ «ኖ» ይላል። ከእነዚህ አንዱም የስንፍና ምልክት አይደለም።

አንድ አደጋ ግን አለ። በወንጌሉ የእንክርዳድ ምሳሌ ጌታው ሠራተኞቹን የከለከለው እንክርዳዱን ስትነቅሉ ስንዴውንም እንዳትነቅሉ ብሎ ነው። «ለሺ ኤስ ጨምር» ተብሎ አሥር ጊዜ የታረመ ልጅ ፈርቶ «ሺ ካንዝ» ይጽፋል፤ ሕጉ የማይደርስበት ቦታ ያደርሰዋል። «አባውት» ተሰርዞበት የተቀጣውም ከ«ቶክ» ኋላ ያለውን ትክክለኛውን «አባውት» ያጠፋል። ምክንያቱ ያልተነገረው እርማት ሰብል ይነቅላል።

ስለ ቀይ ቀለምም ልናገር። በብራና መጻሕፍታችን ቀይ ቀለም የክብር ነው፤ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል። ጸሐፊው ሲሳሳት ብራናውን በምላጭ ፍቆ በላዩ ይጽፋል፤ ቃል ከዘለለ በመስመሮቹ መካከል በደቃቅ ፊደል ያስገባዋል። የተገደፈው ቃል ይመለሳል እንጂ በገጹ ላይ ቁስል አይተውም። በዛሬው ደብተር ላይ ግን ቀዩ የሚያርፈው በስሕተት ላይ ብቻ ነው። ልጁም ስንት ቦታ እንደቀላ ቆጥሮ ደብተሩን ይዘጋል።

በጉንደ ወይን፣ በቢቸና፣ በሞጣ እንግሊዝኛ የምታስተምሩ መምህራን፣ የክፍላችሁ ተማሪ ብዙ እንደሆነ፣ የሚታረመው ደብተርም ከክንዳችሁ በላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ሁሉንም አትረሙ። ከአንድ ድርሰት አንድ ዓይነት ስሕተት ብቻ ምረጡ፤ ከሥሩም ለተማሪው ስሙን በአማርኛ ጻፉለት፤ «ማሰሪያ የለውም»፣ «ሁለት ማሰሪያ በነጠላ ሰረዝ»፣ «ይህ የተውላጠ ስም ዘርፍ ነው፣ ጭረት አይገባውም»፣ «ይህ አንቱታ ነው»። ነቅሎ መጣሉንም ለራሱ ተዉለት። በአካባቢያችሁ ካሉት የቅኔ መምህራን አንዱን ጋብዛችሁ ቦዝና ማሰሪያ እንዴት እንደሚያስተምሩ በክፍላችሁ ፊት እንዲያሳዩ ብታደርጉ ደግሞ ከብዙ የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ የበለጠ ታተርፋላችሁ።